በለቅሶ ድንኳን መጽሐፍ ለምትቆጥሩ ወገኖቼ

የደሴና የኮምቦልቻ፣ የሐይቅና የወልድያ ወገኖቼ ሆይ፣ ሐዘንተኛ ልናጽናና በተቀመጥንበት ድንኳን በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስላሉት መጻሕፍት ቁጥር የምንጣላ ሆነናልና፣ ራሴንም ጨምሬ ጥቂት ልገሥጻችሁ።

በቅርቡ በአንድ ለቅሶ ቤት ለሙታን መጸለይ ይገባል፣ አይገባም የሚል ክርክር ተነሣ። ካቶሊኩ ሁለተኛ መቃብያን ምዕራፍ 12ን ጠቀሰ። ፕሮቴስታንቱ ባለ ዚፑን መጽሐፉን ከፍቶ፣ ሚልክያስ አልቆ ማቴዎስ በሚጀምርበት ገጽ ላይ ጣቱን አሳርፎ «የታለ? አሳየኝ!» አለ። «ሉተር ቀዶ ጥሎባችሁ ነዋ!» «እናንተ በትሬንት ጨምራችሁ እንጂ!» ቡና ያድሉ የነበሩት ሙስሊሟ ጎረቤታችን ረከቦቱ አጠገብ ስኒ እንደያዙ ቆመው ቀሩ፤ የሟች ልጅም አንገቱን ደፋ።

ሁለቱም ተሳስተዋል። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ሉተር በ1534 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ እንደ መቃብያን ያሉትን ካቶሊኩ የሚቀበላቸውን ፕሮቴስታንቱ ግን የማይቆጥራቸውን መጻሕፍት በብሉይና በሐዲስ መካከል አኖራቸው፤ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ባይተካከሉም ለንባብ ይጠቅማሉ አለ እንጂ አልጣላቸውም። ከብዙ እትሞች የጠፉት ይልቁንም የብሪታንያው የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1826 እ.ኤ.አ. እነርሱን ማሳተም ካቆመ ወዲህ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤም በ1546 እ.ኤ.አ. 73ቱን መጻሕፍት ሲደነግግ ከየትም አላመጣቸውም፤ ጦቢትም ዮዲትም ሁለቱ መቃብያንም በ397 እ.ኤ.አ. በካርታጎ ጉባኤ ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። ፕሮቴስታንቱ ግን ባዶ እጁን አይደለም፤ በዚያው ዘመን መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ጀሮም በዕብራይስጥ የሌሉትን ለይቶ አስቀምጧቸው ነበርና።

«ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ከመጽሐፍ በላይ ያደርጋል» የምትሉም እፈሩ። የመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ መጻሕፍቱ ቅዱሳን የሆኑት ቤተ ክርስቲያን ስላጸደቀቻቸው ሳይሆን በመንፈስ ቅዱስ ስለተጻፉ ነው ብሏል። በ1646 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው የፕሮቴስታንቶች የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫም የመጽሐፉ ሥልጣን ከሰው ወይም ከቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ሳይሆን ከእግዚአብሔር ነው ይላል። እስከዚህ ይስማማሉ፤ የሚለያዩት የትኛው መጽሐፍ ከቅዱሳት መጻሕፍት እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚለየው ማን ነው በሚለው ነው፤ ካቶሊኩ የጉባኤውን ፍርድ ይይዛል፣ ፕሮቴስታንቱ መጽሐፉ ራሱ በመንፈስ ቅዱስ ምስክርነት ለአማኝ ይታወቃል ይላል። በዚህ ላይ ቢከራከሩ ኖሮ እኔም አዳምጥ ነበር።

«የእኛ 81 ነው፣ መቃብያንም ሦስት አሉን» ብላችሁ ከመሃል የገባችሁ ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቼም አትኩሩ። የእኛ መቃብያን በስም ይመሳሰላል እንጂ ታሪኩ ሌላ ነው፤ ካቶሊኩ የጠቀሰውን ቃል በእርሱ ውስጥ አታገኙትም።

ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ክርክር በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ሲቋጭ፣ ትእዛዙ በጉባኤው ላይ ለተከራከሩት ሊቃውንት ብቻ አልቀረም፤ የወሎ ሙስሊምም ተጠመቅ ተባለ። ያንን የሰማ አያት ያለው ሰው፣ ቡና በሚያድሉ ጎረቤት ፊት በሃይማኖት ጮኾ ይከራከራል?

እናንተ ሁለታችሁ ከአርባው በፊት የልጁን ደጃፍ አንኳኩ፤ መጽሐፉንም ቤት አኑራችሁት ሂዱ።