ካርታው በማን ስም ነው?

ከተማ መገንባት የሚባለው የኮምፒውተር ጌም ለእኛ ሰው ልምምድ አይፈልግም። ማታ ባዶ የነበረ ሜዳ ላይ ጠዋት ቆርቆሮው ተመቶ፣ በሩ ተገጥሞ፣ ገመዱ ላይ ልብስ ተሰጥቶ የሚገኝበት አገር ልጆች ነን። ጨረቃ ቤት ብለን ስም ያወጣንለት በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ባህር ዳር ውስጥ አንድ ወጣት ላፕቶፕ ከፍቶ መንገድ ሲዘረጋ፣ ፎቅ ሲደረድር ብታይ አይግረምህ። ደሙ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን የያዘው ግን ሌላ ነው። ቴራ ኒል ይባላል። ኬፕታውን ያለ ፍሪ ላይቭስ የተባለ ድርጅት ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2023 ወጣ። እነዚህ ሰዎች ከዚያ በፊት ስማቸው የተነሳው ብሮፎርስ በሚባል ጌም ነበር። እዚያ ውስጥ የማይፈነዳ ነገር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። አሁን ዛፍ ተካይ ሆነዋል። ንስሐ ሳይገቡ አልቀሩም። ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት ጌም መሸጫ ላይ ከሚሸጠው ድርሻ ቆርሰው ለዱር እንስሳት ጥበቃ መስጠታቸውም ቀኖናቸውን እየፈጸሙ ነው ያሰኛል።

ሠሪዎቹ የተገላቢጦሽ ከተማ ግንባታ ይሉታል። የሚጀመረው ከሞተ መሬት ነው። ድንጋይ፣ አቧራ፣ ውሃ የሌለው የወንዝ ቦይ። ዓለቱ ላይ የነፋስ ተርባይን ትተክላለህ፤ መብራት ይመጣል። በመብራቱ የተመረዘውን አፈር የሚያጠራ ማሽን ታስነሳለህ። ከዚያ ውሃ የሚረጭ ታስከትላለህ። ግራጫው መሬት ቁራሽ በቁራሽ እየለመለመ ይሄዳል። ፓምፑ ሲነሳ የደረቀው ቦይ በውሃ ይሞላል። እዚህ ላይ አክስቴ ቡና መውቀጧን ትታ «እሰይ!» አለች። ወዲያው የእኛ ቤት መብራት ጠፋ። ልጁ በላፕቶፑ ባትሪ ቀጠለ። እሱ ጋ ተርባይኑ ይዞራል፣ እኛ ሻማ እንፈልጋለን።

ጎረቤት ለቡና ሲሰበሰብ ነገሩ ወደ ክርክር ዞረ። የሰፈራችን ደላላ አንገቱን በልጁ ትከሻ ላይ አስግጎ ትንሽ አየ።

«ይሄ ሁሉ ሄክታር የማን ነው?»

«የማንም አይደለም ጋሼ።»

«እንዴት የማንም? ካርታው በማን ስም ነው?»

«ካርታ የለውም። መሬቱን ያድኑታል፣ ከዚያ ዕቃዎን ሰብስበው ይሄዳሉ።»

«የት ነው የምሄደው?»

«ወደሚቀጥለው ደረቅ መሬት።»

ደላላው ዝም አለ። በዓይኑ ግን ይለካ ነበር። ቆየት ብሎ የወንዙን መታጠፊያ በጣቱ ነካና «ይቺ ለሎጅ ትሆናለች» አለ።

የጌሙ ገንዘብ ቅጠል ነው። መሬት ባለማህ ቁጥር ቅጠል ይጨመርልሃል፣ ማሽን በተከልህ ቁጥር ይቀነስብሃል። ቅጠልህ ካለቀ አለቀልህ። ጠላት የለም፣ ጥይት የለም፣ የሚያስጨንቅህ ይኸው ሒሳብ ብቻ ነው። አክስቴ ይሄ አልገባትም። ለደላላው ግን ማስረዳት አላስፈለገም። በባህር ዳር ዙሪያ ውሃ እየተሳበ የሚለማው ምን እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት ላይ ከተማ እንደሚገባ፣ ሰዓቱ ካለፈ ዋጋው እንዴት እንደሚወድቅ ያውቃል። ቅጠል ገንዘብ ሆኖ ሲያገኘው ሠሪዎቹ ጎጃም ዘልቀው የሚያውቁ ነው የመሰለው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ረግረጉ ይመለሳል፣ ቀፎ ይቀመጣል፣ አበባ ይፈነዳል። ደኑ እንዲበቅል ግን መጀመሪያ ሆን ብለህ እሳት ትለቃለህ። ሣሩ ነድዶ አመድ ይሆናል፤ ዛፉ የሚይዘው አመዱ ላይ ነው። አክስቴ ጮኸች። «አንተ ልጅ! ይሄን ሁሉ ደክመህ? ኧረ ንቦቹን አውጣቸው!» ትምህርቱን ሊያስረዳት ሞከረ። አልሰማችውም። ንቦቹ ደህና መሆናቸውን በዓይኗ እስክታይ ድረስ ሁለተኛው ቡና አልቀረበልንም።

ልጁ «አረንጓዴ ከሆነ ጥሩ ነው» ሲል ግን እኔን ቅር አለኝ። የጣና ዳር ሰው ከአረንጓዴ ጋር ያለው ጉዳይ እንደዚህ ቀላል አይደለም። እንቦጭም አረንጓዴ ነው። ያውም ሐምራዊ አበባ ያለው። ከደቡብ አሜሪካ የመነጨ አረም ሲሆን ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። እንቦጩ በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል ተነጥፎ ታንኳ አላሳልፍ፣ መረብ አላስጥል ብሏል። ሕዝቡ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሎታል፤ ማሽንም መጥቶለታል። ፍሬው ግን ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ለዓመታት ተራውን ይጠብቃል። ከሩቅ ለሚያየው እንግዳ ደግሞ ፎቶ የሚያስነሳ ነው። ቴራ ኒል ውስጥ ቢበቅል ኖሮ ስክሪኑ «መቶ በመቶ» ብሎ ያጨበጭብለት ነበር።

ውሃ ዳር ጌሙ ረግረግ ትከል ይልሃል። እኛ ጋ በበጋ ውሃው ወደ ኋላ ሲል የሚገለጠው መሬት ባህር ሸሽ ይባላል። ጭቃው ሳይደርቅ ሽምብራ ወይ በቆሎ ይዘራበታል። ደንገሉ ይመነጠራል። ደንገል ከሌለ ታንኳም የለም፣ ዓሣውም የሚጠለልበት ያጣል። ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው። እሱ ግን ወፍጮ ቤት ሲሄድ በቅጠል አይቀበሉትም።

ይሄን ጌም ቀድመው የተጫወቱት የዘጌ ሰዎች ናቸው እላለሁ። እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ በጥንቱ ሥርዓት ክልክል ነው። ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር፣ ገዳማቱ በደኑ መሃል። ላፕቶፕ አላስፈለጋቸውም፣ ግዝት በቅቷቸዋል።

እንግዲህ ሦስተኛው ምዕራፍ ደረሰ። ደኑ ቆሟል፣ ዝናቡ ዘንቧል፣ አጋዘኑ ገብቷል። አሁን የተከልከውን ተርባይን፣ ፓምፕና ማሽን ሁሉ ነቅለህ፣ ጭነህ፣ በአየር መርከብ ውልቅ ማለት አለብህ። ጌሙ ለእኛ ተረት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

የእኛ ችግኝ ተከላ የሚያልቀው በፎቶ ነው። ቲሸርትና ኮፍያ ይታደላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ አንዳንዱ ችግኝ ከነላስቲኩ ይቀበራል፣ ሰዉ ይበተናል። በነጋታው ቦታው ላይ የምታገኘው ባዶ ሃይላንድ ነው። ባነሩን አንዱ ወስዶ ሱቁን አልብሶታል። ጣናን ለማዳን የተጠራ ዓውደ ጥናት ጣና ዳር ባለ ሆቴል ይካሄዳል፤ አበል ይከፈላል፣ የተጠጣበት ላስቲክ ማታ ጣና ላይ ይንሳፈፋል። ኮሚቴማ አንዴ ከተቋቋመ መፍረስ የሚባል አያውቅም። በሰፈራችን አንድ ፎቅ ተሠርቶ ካለቀ ቆይቷል። ሲሠራ የግንበኞቹ ዕቃ ይቀመጥባት የነበረችው ቆርቆሮ ቤት ግን ዛሬም አለች። ሻይ ቤት ሆናለች። ፎቁን የሚያውቀው የለም፤ ባጃጅ የምታስቆመው በእሷ ስም ነው።

ሦስተኛውን ምዕራፍ የሚችል ሰው ከሰፈሩ ሲፈለግ አንድ ተገኘ። የእድራችን ንብረት ያዥ ናቸው። ድንኳን አስተክለው፣ ወንበር ደርድረው፣ ድስት አከፋፍለው፣ በኋላ ሁሉንም ቆጥረው ወደ ዕቃ ቤት የሚመልሱ ሰው ናቸው። አንዲት ጭልፋ ብትጎድል ሐዘንተኛውንም አይምሩም። ልጁ ስክሪኑን አዞረላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ደኑን አላዩትም፤ አጋዘኑንም አላዩትም።

«ተርባይን ስንት አውጥተህ ነበር?»

ልጁ አያውቅም።

«ይኸው ነው የዘንድሮ ልጅ» አሉና ከላይ ወደ ታች በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። በሕይወቴ እንዲህ ዓይነት ርብርብ ያለበት ጌም አላየሁም። «ያቺ ፓምፕ ትነሳ። እሷስ? ከሥሯ ያለችው? አትቸኩል፣ እያጣራህ!» ዓለት አጠገብ የተረሳች አንዲት ተርባይን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ተነቀለች፣ ተጫነች። መርከቡ ተነሳ። ስክሪኑ ላይ መሬቱና እንስሳቱ ብቻ ቀሩ። አክስቴ አጨበጨበች። ደላላው «አይ፣ የመሬት ጥፋት!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ንብረት ያዡ ግን ጣታቸውን ወደ መርከቡ እንደቀሰሩ ልጁ ላይ አፈጠጡበት።

«ማን ተረከበ? ሳይፈርም ነው እንዴ የሄደው?»