የፕሮቶን መጠነ ቁስ በስለግ፦ ጥያቄው ይቅር ለሚሉ

የፕሮቶንን መጠነ ቁስ ወደ ስለግ፣ ማለትም በፓውንድና በጫማ ላይ ወደተመሠረተው የመጠነ ቁስ አሃድ፣ ቀይሩ የሚለው መልመጃ ከምህንድስና ክፍል ይውጣ የሚሉ መምህራንና ተማሪዎች አሉ። የቅንጣት ፊዚክስ ሰው በሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት፣ በኢነርጂ አሃድ፣ ነው የሚሠራው፤ ስለግ ደግሞ ከአሜሪካ የመካኒክስ መጻሕፍት ውጭ እምብዛም አይታይም። ሁለቱን ማገናኘት ምን ይረባል? ነው ክርክሩ። የሚወጣው ቁጥር ለሥራ እንደማይውል እኔም እቀበላለሁ። መልመጃው ግን መቅረት የለበትም፤ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ይበልጥ።

የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመ ነው። የሶቪየት ምህንድስና ለረጅም ጊዜ ጉልበትን በኪሎግራም-ፎርስ ሲለካ ኖሯል፤ ከዚያ የሚወጣው የመጠነ ቁስ አሃድ 9.80665 ኪሎግራም ነው። የአሜሪካ መጻሕፍት ስለግ ይላሉ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ፊዚክስ የሚማረው ልጅ ፕሮቶንን 938.272 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ብሎ ያውቀዋል፣ በምህንድስናው ፖሊ ግቢ ያለው ጓደኛው በኪሎግራም። በአንድ ከተማ ይህን ሁሉ የሚያነብ ሰው አሃዱ ከየት እንደተወለደ ማወቅ አለበት፤ የኢንተርኔት መቀየሪያ ደግሞ ይህን አይነግረውም።

ስለግ ማለት አንድ ፓውንድ-ፎርስ ሲገፋው ፍጥነቱ በየሰከንዱ በአንድ ጫማ በሰከንድ የሚጨምር መጠነ ቁስ ነው። ስለዚህ ፓውንዱን በኪሎግራም (0.45359237) በመደበኛው ስበት (9.80665) አባዝቶ ለጫማው በሜትር (0.3048) ማካፈል ነው፤ 14.5939 ኪሎግራም ይመጣል። አንድ ኩንታል ጤፍ 6.85 ስለግ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ሦስቱም ቁጥሮች በስምምነት የተወሰኑ እንጂ የተለኩ አይደሉም፤ የስበቱ በ1901፣ የፓውንዱና የጫማው በ1959 እ.ኤ.አ.። ስለዚህ ቅየራው ራሱ ምንም ጥርጣሬ አይጨምርም።

ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ባሕር ዳር ወደ ምድር ወገብ ቀረብ ያለች፣ ከባሕር ወለልም 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች፣ እዚህ ያለው የስበት ፍጥነት ለውጥ 9.78 አካባቢ ነው። ይህን አውቆ «የአገሬን ስበት ልጠቀም» የሚል ጠንቃቃ ተማሪ 0.27 በመቶ ይስታል። ስለግ መጠነ ቁስ ነው፤ ጣና ዳርም ሆነ ሞስኮ አይለወጥም። የአካባቢው ስበት የሚያስፈልገው ክብደት ሲሰላ ብቻ ነው።

ከሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ለሚነሳ፣ 938.27209ን በ1.602176634×10⁻¹³ (አንድ ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት በጁል) ሲያባዛ 1.50328×10⁻¹⁰ ጁል ያገኛል። ያንን ለብርሃን ፍጥነት ካሬ፣ ለ8.98755×10¹⁶፣ ሲያካፍል 1.67262×10⁻²⁷ ኪሎግራም ይሆናል። ይህ ለ14.5939 ሲካፈል 1.14611×10⁻²⁸ ስለግ ነው። በሶቪየቱ አሃድ ከሆነ ማካፈያው 9.80665 ነው፤ ውጤቱም 1.70560×10⁻²⁸።

2.44×10⁻²⁶ የመጣለት ማካፈል ሲገባው አባዝቷል። 3.69×10⁻²⁷ ያገኘ ፓውንድ ላይ ቆሟል፤ ለ32.174 (ለመደበኛው ስበት በጫማ) ማካፈል ይቀረዋል። መጽሐፉ ላይ ያለውን 32.2 የተጠቀመ 1.14519×10⁻²⁸ ያገኛል፤ ሦስተኛው አሃዝ ላይ ትክክል ነው፣ ከዚያ በኋላ የጻፈው ግን ዋጋ የለውም። ስድስት አሃዝ ጽፎ ማስረከብ የማያውቁትን ማወቅ ማስመሰል ነውና መምህሩ ነጥብ ሊቀንስበት ይገባል።

ካልኩሌተር ላይ የከፋው ስህተት ፕሮቶን ማካፈያ ሲሆን ይመጣል። 1.67 ብሎ፣ የማባዣ ምልክት ተጭኖ፣ 10⁻²⁷ የሚያስገባ ሰው ቅንፍ ካላደረገ ማሽኑ በ1.67 ብቻ አካፍሎ በ10⁻²⁷ ያባዛል፤ መልሱ በ10⁵⁴ እጥፍ ይሳሳታል። መድኃኒቱ ቅንፍ፣ ወይም የአሥርን ኃይል ከቁጥሩ ጋር አንድ አድርጎ የሚያስገባው ልዩ ቁልፍ ነው። ኤክሴል ላይ ሁለት የአሥርዮሽ ቦታ ብቻ እንዲያሳይ የተደረገ ሕዋስ 0.00 ይላል፤ ቁጥሩ ውስጥ አለ፣ አይታይም እንጂ። ፕሮግራም የሚጽፉ ደግሞ ይጠንቀቁ፦ በ32 ቢት ቁጥር የሁለት ኤሌክትሮኖች መጠነ ቁስ ሲባዛ፣ በኪሎግራምም ሆነ በስለግ፣ በእርግጥ ዜሮ ሆኖ ይጠፋል። 64 ቢት ይጠቀሙ።

መምህራን ጥያቄውን ሲያወጡ ኤሌክትሮንንም ይጨምሩበት። መልሱ 6.24191×10⁻³² ስለግ ነው። ፕሮቶኑ ለኤሌክትሮኑ ሲካፈል በየትኛውም አሃድ 1836.15 መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ተማሪው መምህሩን ሳይጠብቅ አንዱን መስመር እንደሳተ ያውቃል። ነገር ግን ሁለቱንም በአንድ የተሳሳተ ቁጥር ያካፈለ ሰውም ይኸንኑ ያገኛል። ስለዚህ የ14.5939 አወጣጥ በመልሱ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይጠየቅ፣ ነጥቡም ለእሱ ይሰጥ።