ኔጌቲቭ ማለት የልብ ትል የለም ማለት አይደለም

«ውሻችንን ሂውስተን ካለ መጠለያ በመስከረም ስንወስደው የልብ ትል ምርመራው ኔጌቲቭ ነበር፤ ድጋሚ ማስመርመር ገንዘብ ማባከን ነው» ላሉት፦ እባክዎ እንዲህ አይተዉት።

የልብ ትል በትንኝ ንክሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ፣ ልብና የሳንባ ደም ሥሮች ውስጥ የሚኖር ትል ነው። የተለመደው ምርመራ ትሉን ራሱን አያይም። የሚፈልገው ያደገች ሴቴ ትል ደም ውስጥ የምትለቀውን ፕሮቲን ነው። ውሻውን ትንኝ ከነከሰችው በኋላ ትሉ አድጎ ፕሮቲኑ በምርመራ እስኪገኝ 6 ወር ገደማ ይፈጃል። በሐምሌ የተነከሰ ውሻ በመስከረም ኔጌቲቭ ቢወጣ አይገርምም። ትሎቹ ወንድ ብቻ ከሆኑም ያመልጣሉ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። አንዳንዴ የውሻው ፀረ እንግዳ አካል ፕሮቲኑ ላይ ተጣብቆ ይሸፍነዋል። ያኔ የምርመራ ኪቱ አያገኘውም። ላብራቶሪ ውስጥ ሴረሙን (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) በ104 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ10 ደቂቃ ሲያሞቁት ግን ይላቀቃል፤ የተደበቀው ይወጣል። ይህ ሐኪሙ ሲጠረጥር እንጂ ለሁሉም ውሻ የሚደረግ አይደለም።

የአሜሪካ የልብ ትል ማኅበር በየዓመቱ ሁለት ምርመራ ይመክራል፦ የፕሮቲኑን፣ እንዲሁም ደም ውስጥ የትሉን እጮች መፈለግ። የእርስዎ ውሻ መከላከያ ካልጀመረ ሐኪሙን አማክረው ቶሎ ያስጀምሩት። ከ6 ወር በኋላ ደግሞ የግድ ያስመርምሩት።