የመስኮቱ ደፍ

ወገኖቼ፣ ቁጣዬ እስኪበርድ ልታገሥ ብዬ ወራት አሳለፍሁ። አልበረደም። ስለዚህ እንደ ነደድሁ እጽፍላችኋለሁ፤ የሚከፋው ካለ ይክፋው።

ነገሩ የአንድ ቤት ነገር ነው። ከእኔ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ ከሁላችንም ዕድሜ የሚበልጥ፣ በሮቹና መስኮቶቹ ከወፍራም እንጨት የተሠሩ ቤት ነው። ቀለሙ በየዘመኑ ሲደራረብ ኖሮ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር። ተከራዮቹ ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረቻቸው። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት የመስኮቱን ደፍ በሁለት እጇ ይዛ፣ አፏን እንጨቱ ላይ አስደግፋ አላፊ አግዳሚውን ታያለች። ሳልፍ እጄን አወዛውዝላት ነበር።

አከራዩ ቤቱን ሊያሳድሱ ተነሡና ሁለት ሠራተኞች አመጡ። ሠራተኞቹ ሦስት ቀን ሙሉ በሩንና መስኮቱን ከነመቃኑ በኤሌክትሪክ መፋቂያና በብርጭቆ ወረቀት ደረቁን ፋቁት። አቧራው ቤቱን እንደ ጉም ሞላው። ቤተሰቡ እዚያው ውስጥ ነበር፤ ውጡ ያላቸው ሰው የለም። እናቲቱ ማታ ማታ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ትጠርግና አንሶላውን አራግፋ ልጇን ታስተኛለች። ሠራተኞቹም ያንኑ አቧራ እንደ ለበሱ ወደየልጆቻቸው ይገባሉ። እኔ በእነዚያ ቀናት ምን አደረግሁ? አቧራው እንዳይገባብኝ የራሴን መስኮት ዘጋሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጅቷ ምግብ እምቢ አለች። ሆዷን ያማታል፣ ትነጫነጫለች፣ እንቅልፍ የላትም፣ ፊቷም ገረጣ። «ጥርስ እያበቀለች ነው» ተባለ። «ያልፍላታል» ተባለ። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ሌሎቹ ያልጠየቁትን ጠየቀች፤ «የምትኖሩበት ቤት ስንት ዓመቱ ነው? በቅርቡስ ቀለም ተፍቆበታል?» አለች። ደሟ ተመረመረ። በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ 38 ማይክሮ ግራም እርሳስ ተገኘ።

እርሳስ ስል የምንጽፍበትን አይደለም። የምንጽፍበት ውስጡ ግራፋይት ነው፤ ያዛመዳቸው ስሙ ብቻ ነው። እኔ የምለው ከባዱን ብረት ነው። ቀለም እንዲደምቅ፣ ቶሎ እንዲደርቅ፣ እርጥበት እንዲችል እየተባለ ሲጨመርበት ዘመናት አልፈዋል። ሰውነት ይህን ብረት ከካልሲየም ለይቶ አያውቀውም፤ እንደ ራሱ ወገን ተቀብሎ አጥንት ውስጥ ያከማቸዋል፣ ወደ አንጎልም ያሳልፈዋል። ትንሽ ልጅ ከዋጠው ውስጥ ወደ ሰውነቱ የሚሰርገው ከትልቅ ሰው አራትና አምስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ ተብሎ የሚታወቅ መጠን የለም ይላል። አሜሪካኖች በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2021 ጀምሮ የአንድን ልጅ ደም ለይተው ክትትል የሚጀምሩት 3.5 ሲደርስ ነው። የእኛዋ ልጅ 38 ነበረች።

እናቲቱ መድኃኒት ስጡኝ ብላ ለመነች። ሐኪሟ እርሳስን ከደም የሚያወጣው መድኃኒት በአብዛኛው የሚታዘዘው ከ45 ጀምሮ መሆኑን፣ ያም ቢሆን ደሙን እንጂ አንጎል ላይ የደረሰውን ጉዳት እንደማይመልስ አስረዳቻት። «ለልጅሽ የመጀመሪያው መድኃኒት መርዙ የሚመጣበትን አግኝቶ ማራቅ ነው» አለቻት።

ከዚያ የቤቱን ቀለም የሚመረምሩ ባለሙያ መጡ። መሰርሰሪያ የሚመስል መሣሪያ ይዘዋል፤ ቀለሙን ሳይፍቁ ግድግዳው ላይ ሲያስጠጉት ከሥር ያለውን ንብርብር ሁሉ አልፎ እርሳሱን ይለካል። በእርጥብ ጨርቅ ወለሉንና ደፉን ጠርገው ለላቦራቶሪ ቋጠሩ። የግድግዳው ልኬት ዝቅተኛ ነበር። መስኮቱ ላይ ሲደርሱ ግን ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አዩት። ከዚያም ጎንበስ ብለው በባትሪ ደፉን አበሩና ዝም አሉ። እኔም ጠጋ ብዬ አየሁ። ከደፉ ጠርዝ ላይ፣ ቀለሙ ተቆርሶ እንጨቱ ፈክቶ በታየበት ቦታ፣ ትንንሽ ጉድጓዶች በግማሽ ክብ ተደርድረዋል። የጥርስ ምልክት ናቸው። ጥርሷ ሲያሳክካት የምታኝከው እንጨቱን ነበር። አሮጌው የእርሳስ ቀለም ደግሞ ጣፋጭ ነው፤ ልጅ ቢመለስበት አይፈረድበትም። እናቲቱ አመልካች ጣቷን በአንዱ ጉድጓድ ላይ አደረገችና ለረጅም ጊዜ አላነሣችም።

እስከዚህ ድረስ ያለው መከራ ነው፤ ሰው ባለማወቅ ያጠፋል፣ ይቅርም ይባላል። ይቅር የማልለው የሚቀጥለውን ነው።

ባልየው ውጤቱን ይዞ ወደ አከራዩ ሲሄድ አብሬው ሄድሁ። አከራዩ ወረቀቱን አይተው አልደነገጡም። «ይህንንማ አውቀዋለሁ» አሉ። ከሦስት ዓመት በፊት ቤቱን ሊሸጡ አስበው ሳለ ገዢው የቀለሙን ቅርፊት ወስዶ አስመርምሮ ነበር። ገዢው ውጤቱን አይቶ ሸሸ፤ ወረቀቱም በእሳቸው መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ቤቱን ሕፃን ለያዘ ሰው አከራዩ፤ ውስጡ እያሉም አስፋቁት። «አሮጌ ቤት ሁሉ እንዲሁ ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት። እስከዚያ ቀን አንቱ እላቸው ነበር። ከዚህ በኋላ ብዕሬ አልታዘዝ ብሎኛልና ይቅርታ አድርጉልኝ።

ቤተሰቡ ለቀቀ። ያ ሰው መስኮቱን አንድ እጅ ነጭ ቀለም ቀባውና በሁለት ወሩ አከራየው። ለማን? የዐሥር ወር ሕፃን ላላቸው ባልና ሚስት። ዕቃቸው የተራገፈው ቅዳሜ ቀን ነው። የሕፃኑን አልጋ አንደኛውን ጫፍ አባትየው፣ ሌላኛውን እኔ ይዘን አስገባነው። እናትየው «ብርሃን እንዲያገኝ እዚህ ይሁን» ብላ በመስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። መስኮቱን አየሁት። ጉድጓዶቹ ከአዲሱ ቀለም ሥር ጎልተው ይታዩ ነበር። እኔም «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብዬ ወጣሁ።

ወገኖቼ፣ የምወቅሳችሁ ከውጭ ቆሜ አይደለም። አርባ ቀን ዝም ብያለሁ። ከዚያ ሰው ጋር እንዳልጣላ፣ ነገረኛ እንዳልባል፣ በሰው ንብረት ምን አገባው እንዳትሉኝ ፈርቼ ነው። ይሉኝታ የምንለውን እንደ ጨዋነት አሳድገነዋል፤ በዚያ መስኮት ሥር ግን ሕፃን ሲያስበላ አይቼዋለሁ። ያ ሰው ወረቀቱን በመሳቢያ ደበቀ፤ እኔ በሆዴ ደበቅሁት። ልዩነታችን እሱ ኪራይ መቀበሉ ብቻ ነው። እናንተስ? የፊቱ ቤተሰብ ለምን እንደ ለቀቀ ያልሰማ ጎረቤት አለ? ያቺ እናት ለየሰው ስትናገር «የሰው ስም አታጥፊ» ብለን ዝም ያሰኘናት እኛ አይደለንም?

ሳይታወቅ ቀርቶ ነው አትበሉኝ። ጊብሰን የሚባሉ አውስትራሊያዊ ሐኪም በኩዊንስላንድ ሕፃናትን የሚመርዘው የበረንዳና የክፍል ቀለም ነው ብለው የጻፉት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1904 ነው። በ1921 መንግሥታት ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው ነጭ የእርሳስ ቀለም ከቤት ውስጥ ቅብ እንዲወገድ ስምምነት አወጡ። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የከለከለችው እስከ 1978 ቆይታ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው። ክልከላው ግን አዲስ ቀለም እንዳይቀባ ያደርጋል እንጂ አስቀድሞ የተቀባውን ከመስኮት ላይ አያነሣም። ያንን የሚያነሣው በቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ነው።

እናንተ የአሮጌ ቤት ባለቤቶች፣ ቤታችሁን አፍርሱ ያላችሁ የለም። ያልተሰነጠቀ፣ ያልተላጠ ቀለም ግድግዳው ላይ ተኝቶ እስካለ ድረስ ያን ያህል አያስፈራም። የሚያስፈራው የሚላጠውና የሚፋተገው ነው፤ በተለይ መስኮትና በር፣ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ራሱን እየፈጨ ወለል ላይ ይበተናል። እላዩ ላይ አንድ እጅ ቀለም መቀባት ይህን አያቆመውም፤ በጥቂት ወራት ተፋትጎ የታችኛው ይወጣል። መስኮቱን ነቅሎ መለወጥ ያስወጣል፤ አውቃለሁ። መጀመሪያ ግን አስመርምሩ። ከላይ እስከ እንጨቱ ድረስ ያለው ንብርብር ሳይጎድል የተወሰደች ቅርፊት ለላቦራቶሪ ትበቃለች። ውጤቱን ካገኛችሁ በኋላ ደግሞ ለሚኖርበትም ለሚከራያችሁም ሰው አሳዩት።

ቀለም ቀቢ ወንድሞቼ፣ በእናንተ ላይ ለመቆጣት አንደበቴ ይከብደኛል፤ ቀድሞ የሚመረዘው የእናንተ ሳንባ ነውና። ነገር ግን ያረጀ ቀለምን ደረቁን አትፋቁ፤ በእሳትም አታቃጥሉ። ውኃ እየረጫችሁ ፋቁ። ቤተሰቡ በተለይም ልጆችና ነፍሰ ጡሮች እስኪጸዳ ወጥተው ይቆዩ፤ ወለሉ በወፍራም ፕላስቲክ ይሸፈን፣ የክፍሉ በርም ይታሸግ። የተለመደው የአቧራ መሳቢያ ማሽን ረቂቁን ብናኝ መልሶ ይተፋዋል፤ የሚይዘው ለዚህ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ብቻ ነው። የሥራ ልብሳችሁን ይዛችሁ ወደ ቤት አትግቡ፤ ለብቻው ይታጠብ። «ባለቤቱ ቶሎ ጨርሱ አለን» ትላላችሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህ ግን አንዴ ከፈሰሰ ተለቅሞ አያልቅም።

የዝምታዬን መጨረሻ ልንገራችሁ። በአርባኛው ቀን ገደማ እናትየው ደስ ብሏት ጠራችኝ። «ጋሼ፣ ይምጡ ይዩልኝ፣ ቆመ!» አለች። ገባሁ። ሕፃኑ የመስኮቱን ደፍ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ቆሟል። አፉ ደፉ ላይ ነው። ምን ብዬ እንደ ጀመርሁ አላስታውስም፤ ልጁን አንሥቼ ታቀፍሁትና ሁሉንም ነገርኋት፤ የፊተኛዋን ልጅ፣ 38ቱን፣ መሳቢያውን፣ ጥርሶቹን። ሰምታ ስትጨርስ አልጮኸችም። «ጋሼ፣ አልጋውን ያስገቡት ቀን ለምን አልነገሩኝም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

ያንኑ ቀን አልጋውን ከመስኮቱ አራቅነው። መስኮቱን ዘግተን ደፉን በፕላስቲክ ሸፍነን ዙሪያውን አሸግነው። ወለሉ በየቀኑ በሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፤ የልጁ እጅና መጫወቻ ይታጠባል። ይህ ለጊዜው ነው፤ መስኮቱ እስኪለወጥ ድረስ። ሌላ ቤት እየፈለግንላቸው ነው፤ እስካሁን አልተገኘም። የሕፃኑ ደም ተለካ፤ 7 ሆነ። ሐኪሟ ምንጩ ከተቋረጠ እየወረደ ሊሄድ ይችላል ብላናለች። እናትየው 7ን ሰምታ አለቀሰች። እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከ38 ጋር እያስተያየሁ ተመስገን አልሁ።

ባለፈው ሳምንት ከዚህ መንደር ሦስት ሰዎች ቤታችንን እንዴት እናስመርምር ብለው ጠይቀውኛል። ከሦስቱ አንዱ አከራይ ነው። ሦስት ሰው ብዙ አይደለም። የዚያ ሰው መሳቢያ ግን አሁንም እንደ ተዘጋ ነው፤ ሰላምታ ሲሰጠኝም አጸፋውን እመልሳለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ።

የሕፃኑ ደም ከወር በኋላ እንደገና ይለካል። አብሬያቸው እሄዳለሁ ብያለሁ።