ክፍያውን አቁሙ፣ ሳህኑን ግን አታውርዱ

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ሰው ሻይ ይዞ በተቀመጠበት ሁሉ አንድ ምክር እሰማለሁ። «ዲሹን አውርደህ ሽጠው፣ ዋይፋይ አስገባ፣ በቃ።» በተለይ ወጣቶቹ ደጋግመው ይሉታል። የምክሩ ግማሽ ልክ ነው። ለሚከፈልበት የሳተላይት ቻናል በየወሩ የምናወጣው ብር ከአሁኑ ኑሮ ጋር አይሄድም። ሌላው ግማሽ ግን ያሰጋኛል።

እኔም ሦስት ዓመት ከፍያለሁ። የገባሁበት ለኳስ ብዬ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ነገር ሁሉ ሲወደድ፣ የቴሌቪዥኑ ክፍያም አብሮ ወጣ። እኔን ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን ጭማሪው አይደለም። አየህ አላየህ ቀኑ መቁጠሩ ነው። አንድ ወር ከፍዬ በማግሥቱ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለ። አሥራ አንድ ቀን በጨለማ ከረምን። መብራት ሲመጣ ደውዬ ያላየሁት ቀን ይካካስልኝ እንደሆነ ጠየቅሁ። «ጊዜው ነው የሚቆጠረው» ተባልኩ። ወሩ ሲያልቅ ድጋሚ አልከፈልኩም።

ጣራዬ ላይ የተቀመጠውን የድሮ የዲሽ ሳህን መልሼ ያየሁት ያኔ ነው። የዓረብ ቻናሎችን የምናይበት ሳተላይት ናይልሳት ከእኛ በምዕራብ በኩል ስለሚውል፣ የደሴ ሳህን ለዓመታት ፊቱን ወደ ጦሳ ተራራ አዙሮ ኖሯል። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት መጣ። ስሙ የእኛ ይሁን እንጂ ሳተላይቱ ኤስኢኤስ የተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ንብረት ነው፤ ኤንኤስኤስ 12 ይባላል፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ይቆማል። ትልቁ ነገር፣ በየሳተላይቱ ተበታትነው የነበሩት የአገራችን ጣቢያዎች እዚያ ተሰባሰቡ። ወርሃዊ ክፍያ የለውም። ከደሴ ሆነህ እሱን ለማግኘት ሳህኑን ከጦሳ አንስተህ ወደ ኮምቦልቻ አቅጣጫ ታዞረዋለህ፣ ከዚያ ከበፊቱ በደንብ ቀና ታደርገዋለህ። ሪሲቨርህ ያረጀ ከሆነ ደግሞ በኤችዲ ትቀይረዋለህ።

ዲሽ የሚሠራው ልጅ አንድ ከሰዓት መጣ። ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ብሎኑን አላላ። የእኔ ልጅ የሲግናሉን መጠን ሊያነብልን ሪሞቱን ይዞ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ፣ እኔ መሃል በሩ ላይ ቆምኩ።

«መጣ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«ሠላሳ… አርባ… ኧረ ጠፋ!»

«አብሽር ጋሼ፣ ይመጣል» አለኝ ከላይ። ሳህኑን ትንሽ ወደ ላይ ገፋ፣ ሳህኑ ፊት ያለችውን ሲግናል መቀበያ፣ ኤልኤንቢዋን፣ በጣቶቹ ይዞ በጣም ጥቂት ጠመዘዛት።

«ስልሳ ሁለት! ሰባ! እንዳትነካው!»

ብሎኑን እዚያው አጠበቀው። ለወርሃዊ ጥቅል ከምከፍለው ያነሰ ሰጥቼ ሸኘሁት። ከዚያ ወዲህ ዜናውም፣ ድራማውም፣ የልጆቹም ነገር በነጻ ይገባል። ክረምት ላይ ዶፍ ሲወርድ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳል።

በዚህ ያልተደሰተችው እማዬ ናት። ሳህኑ ሲዞር የዓረብ ቻናሎቹ ሄዱ። ረመዳን ላይ የመካን ተራዊህ፣ የሌሊቱን ሶላት፣ በቀጥታ ማየት ለእሷ መዝናኛ አይደለም። ወሎ ውስጥ ይህ የስንት ቤት ጉዳይ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሳህኑን በየጊዜው ወዲያና ወዲህ ማዞር ደግሞ አይሆንም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁለት ሳህን፣ አንድ ሪሲቨር፣ መሃላቸው ላይ ትንሽ ስዊች። አንዱ ጦሳን ያያል፣ አንዱ ወደ ኮምቦልቻ። ያገለገለ ሳህን እዚሁ ከተማ ውስጥ ይገኛል። አንዴ ነው የምትከፍለው።

አሁን ወደ ዋይፋዩ ልምጣ። ኢንተርኔት አያስፈልግም አልልም። የአማርኛ ፊልም ባለቤቶቹ ራሳቸው ዩቲዩብ ላይ ይጭናሉ፣ ልጆች የሚማሩበትም አለ። የቤት ዋይፋይ ያለው ሰው ያልተገደበ ስለሆነ ዘና ብሎ ያያል። በሞባይል ዳታ ለሚያይ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። በ480 ጥራት አንድ ሰዓት ብታይ ግማሽ ጊጋ ገደማ ይበላል። ወደ 1080 ከፍ ካደረግኸው ከ1 ጊጋ በላይ ነው። ሃትስፖት ከፍቶ ስማርት ቲቪ ላይ የሚያይ ሰው ጥራቱን ካልቀነሰ ጥቅሉ ሳያስበው ያልቃል። ዳታ ገዝተህ የምታይ ከሆነ እያየህ ከምታስበላ ሌሊት በሌሊት ጥቅል አውርደህ በፍላሽ ሰክተህ ብታይ ይሻላል።

የኔ ስጋት ግን ዋጋው አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭቱን ተከትሎ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፣ ለወራትም አልተመለሰም። ኮምቦልቻ የሚኖር ጓደኛዬ ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ዲሹን ሸጦ ነበር። ስማርት ቲቪ ገዝቶ፣ ሁሉንም ነገር በስልኩ ዳታ እያየ። ዳታው ሲዘጋ ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ከረመ። ልጆቹ የሚያዩት አጡ። እሱ የባሰ ነበር፤ በዚያ ሰዓት አገሩ ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ ለማወቅ ጎረቤት ሄዶ ነበር ዜና የሚያየው። መልእክት ለመላክ ዋይፋይ ያለበት ሆቴል በር ላይ የቆምንበትን ጊዜ የረሳ ሰው ካለ ይገርመኛል። ከሰማይ የሚመጣው ሲግናል መብራት እስካለ ድረስ ይገባል። እንዲህ ያለ ነገር ባሳለፈ ከተማ የሚኖር ሰው ሳህኑን እንዴት ይሸጣል?

«በሰርቨር ክፈተው» የሚሉም አሉ፤ የሚከፈልበትን ቻናል ለባለቤቱ ሳይከፍሉ በኢንተርኔት በሚመጣ ኮድ ማየት ማለት ነው። እኔ አልመክርም። የሰው ንብረት ነው፤ ደግሞም ያለ ኢንተርኔት አይሠራም፣ ኮዱም ጨዋታው መሃል ላይ ይዘጋል።

የሚቀረው ኳሱ ነው። የአውሮፓን ትልልቅ ጨዋታዎች በነጻ ቻናል አዘውትሬ አያለሁ ብል ውሸት ነው። እኛ ግቢ አራት አባወራ ነን፣ ሦስታችን ተከራይ። አራታችንም ለየብቻ እንከፍል ነበር፣ ቅዳሜ ማታ ያው አንድ ጨዋታ ለማየት። አሁን አንዱ ቤት ብቻ ይከፈታል፣ ክፍያውን በመዋጮ እንሸፍናለን። ሴቶቹም ቡናውን እዚያው ያፈላሉ። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ ጎል ሲገባ ከአጥሩ ውጭ ድረስ ይሰማል። ዲኤስቲቪ ቤት ሄዶ መግቢያ ከፍሎ ማየትም አለ፤ ግን አምሽቶ ሲያልቅ በጨለማ መመለሱን ያሁኑ ጊዜ አያስመኝም።

ለሚያስከፍሉት ድርጅቶች አንድ ጥያቄ አለኝ። የቀን ጥቅል አምጡልን። ስታርታይምስ የተባለው የክፍያ ቴሌቪዥን ድርጅት በሌሎች የአፍሪካ አገሮች በቀንና በሳምንት ያስከፍላል፤ ሰው ብር ሲኖረው ያያል፣ ሳይኖረው ይተዋል። የደሴ ሰው የቀን ሥራ ሠርቶ በቀን የሚያገኝ ብዙ ነው፣ ወር ሙሉ አስቀድሞ ክፈል ማለት ለእሱ ዝጋ ማለት ነው። የቀን ጥቅል የመጣ ዕለት እኔም ለትልቅ ጨዋታ እከፍላለሁ። እስከዚያው ቅዳሜ ማታ ጎረቤቴ ጋ ነኝ፤ ዲሽ የሚሠራው ልጅም የእማዬን ሁለተኛ ሳህን ረመዳን ሳይገባ ሊሰቅልልኝ ቃል ገብቷል።