ሠልጣኙን ቁልፍ አቀባይ አታድርጉት

የጋራዥ ባለቤቱም፣ ኮንትራክተሩም፣ የፋብሪካው ኃላፊም ቅሬታቸው አንድ ነው፤ «ባለሙያ ጠፋ»። በሌላ በኩል የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ደረጃ 3 እና 4 ጨርሶ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና አልፎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ የሚውል ወጣት ሞልቷል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ማስታወቂያው «2 ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። ልጁ ልምዱን ከየት ያምጣ?

የኤሌክትሪክ መኪናን እንውሰድ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። የኤሌክትሪኮቹ መንገዱን ሞሉት፤ የሚጠግናቸው ሰው ግን እኩል አልደረሰም። ባትሪያቸው ብዙ ጊዜ 400 ቮልት ገደማ ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ገመድ ከመንካት በፊት ኃይሉን ማቋረጥ፣ ጥቂት ደቂቃ መታገስ፣ ከዚያ በቴስተር ለክቶ ማረጋገጥ ግድ ነው። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም። ግን ካቻቢቴ የያዘ ሁሉ የሚነካካውም አይደለም። ባለሙያ አጠገብ ቆሞ፣ አይቶ፣ ደጋግሞ መሥራት ይጠይቃል። የጎደለን እንዲህ ያለው መካከለኛ ባለሙያ ነው።

ሰው አላጣንም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) የገባው ገብቶ፣ የቀረው ስንት እጅ ነው!

የትብብር ሥልጠና የታሰበው ለዚህ ነበር፤ ንድፈ ሐሳቡ ኮሌጅ፣ ተግባሩ ድርጅት ውስጥ። ወረቀት ላይ ሸጋ ነው። ድርጅቱ በር ሲደረስ ግን ብዙው ሠልጣኝ ቁልፍ ያቀብላል፣ ወለል ይጠርጋል፣ ሻይ ይላላካል። ጊዜው ሲያልቅ ወረቀቱ ላይ ማኅተም ተመትቶለት ይመለሳል። አሠሪዎች «ዕቃ ይሰብርብኛል፤ ካስተማርኩት በኋላም ሌላው ይወስድብኛል» ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ግን ሁሉም ሌላው ያሠለጠነውን ከጠበቀ ማን ያሠልጥን? ሠራተኛው ጥሎ የሚሄደውም ብዙ ጊዜ ሙያው አድጎ ደመወዙ በረዳትነቱ ዘመን ስለቀረ ነው።

መንግሥት ሠልጣኝ ለሚቀበል ድርጅት የግብር ቅናሽ ይስጥ። ለሚሰበረው ዕቃም መድን ይኑር። ድርጅቱ በበኩሉ ለሠልጣኙ ኃላፊነት የሚወስድ አንድ ነባር ባለሙያ ይመድብ፤ የትራንስፖርትና የምሳውን ይቻል። ማኅተሙም ልጁ ቢያንስ አንድ ሥራ ከመፍታት እስከ መግጠም በገዛ እጁ ሳይጨርስ አይመታ።