እየመጣሁ ነው ያልከኝ ወንድሜ፣ ከየት ነው የምትመጣው?

ዛሬ ብሶቴን ካልተነፈስኩ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም። ያልተመቸው ይለፈኝ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። አውቃለሁ፣ «ልብስ ሰፊ ደግሞ ስለ ቀጠሮ ለማውራት ምን አፍ አለው» ልትሉ ነው። ቆዩ፣ እዚያም እደርሳለሁ።

ጠዋት 2፡30 ስብሰባ ተጠርቼ ነበር። የጠራን መሥሪያ ቤት ስሙ ይቆየኝ። ወረቀቱ ላይ «በሰዓቱ ይገኙ» የሚለው ከስሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። እኔም ሱቄን ሳልከፍት፣ ቁርሴን ቆሜ ጎርሼ፣ 2፡20 ደረስኩ። አዳራሹ ተቆልፏል። ጥበቃው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል።

«ስብሰባው እዚህ አይደለም እንዴ?» አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እዚህ ነው። ግን አሁን ማን ይመጣል ብለህ ነው?»

ቁልፉን የያዘው ሰው 3፡10 መጣ። ሰብሳቢው 4 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። «ቤቱ እስኪሞላ ትንሽ እንታገሥ» ብሎ ስልኩን መነካካት ጀመረ። በሰዓቱ የመጣነው ያረፈዱትን እንጠብቃለን። ያረፈዱት ደግሞ ሲገቡ «ገና አልተጀመረም አይደል?» እያሉ ደስ ብሏቸው ይቀመጣሉ። እንግዲህ በሚቀጥለው ማን በሰዓቱ ይመጣል? እኔ ራሴ አልመጣም!

የተነገረን ምን መሰላችሁ? የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፣ ያላደሳችሁ አድሱ። አለቀ። ይህን የማያውቅ ነጋዴ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ለአንድ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ቀን ሄደ። ከቀኑ አንድ ቀን ካሳለፍክ ቅጣት አለብህ። የእኔን ሦስት ሰዓት የበላውን ግን ማን ይቅጣልኝ?

ከዚያ ወጥቼ ጨርቅ የሚያመጣልኝን ሰው ደወልኩለት። 5 ሰዓት ተባብለን ነበር። «መጣሁ፣ መጣሁ፣ ባጃጅ ውስጥ ነኝ» አለኝ። ከጀርባው ዱም፣ ዱም፣ ዱም የሚል ድምፅ ይሰማኛል። መጀመሪያ መንገዱ ነው ብዬ ነበር። ቆይቼ ሳዳምጥ ሙቀጫ ነው። ሰውዬው ቤቱ ቁጭ ብሏል፣ ቡናው ገና እየተወቀጠ ነው። ኧረ በማርያም፣ ባጃጅ ውስጥ ቡና ይወቀጣል እንዴ? እኔም ይሉኝታ ይዞኝ «እሺ፣ ቀስ ብለህ ና» አልኩት። ሦስተኛውን ጠጥቶ 8 ሰዓት መጣ።

አንድ ጓደኛዬ የጊዜ አጠቃቀም ቪዲዮ ልኮልኝ ነበር። ቀንህን በሰዓት ክፈል፣ ሥራህን በቅደም ተከተል ጻፍ፣ ለቤተሰብህም ሰዓት መድብ ይላል። አላሾፍኩም፣ አደረግኩት። ከልጄ ደብተር ቅጠል ቀድጄ አሰመርኩ። ከ2 እስከ 6 ስፌት፣ ከ7 እስከ 11 ስፌትና ልኬት፣ 12 ሰዓት ቤት፣ የልጄን የቤት ሥራ ማየት። ሲያዩት ያምራል። ግን እዚያ ወረቀት ላይ ሌላ ሰው የለም። የእኔ ቀን ደግሞ ሌላ ሰው ብቻ ነው።

ሐበሻ ሰዓት አያውቅም የምትሉም አታናድዱኝ። አባቴ ጎዛምን ውስጥ ገበሬ ነው። በዕድሜው ሰዓት አስሮ አያውቅም። ወንፈል ላይ ግን አርፍዶም አያውቅም። ለማታውቁት፣ ወንፈል ማለት ዛሬ እኔ ላንተ አጭዳለሁ፣ ነገ አንተ ለእኔ ታጭዳለህ ነው። ተደግሶ ሰው የሚጠራበት ደቦ ሌላ ነው። ወንፈል ብድር ነው። የአንድ ቀን ጉልበት በአንድ ቀን ይመለሳል። ብትታመም እንኳ ልጅህን ወይ ወንድምህን ትልካለህ እንጂ ዝም ብለህ አትቀርም። ጤፍ ከደረሰ ይረግፋላ! ዝናብ ከመጣበትማ አለቀልህ።

ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ኅዳር ላይ፣ ጎረቤታችን ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ማጭዱን ይዞ ብቅ አለ። ማንም ምንም አልተናገረውም። አጫጆቹ ቀና ብለው አዩትና መልሰው አጎነበሱ። በቃ። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ወገቡን አላቀናም። ማታ ሁሉ ሲበተን፣ የቀረችውን ጥግ ብቻውን አጭዶ ነው የሄደው። አስታውሳለሁ፣ አባቴ «ተወው፣ ነገ ይደርሳል» ቢለው አልሰማውም።

ከተማ ውስጥም ቢሆን ስንፈልግ እናውቅበታለን። እድር ላይ ስም ሲጠራ ያልተገኘ ይቀጣል፣ ስለዚህ ሁሉም ይገኛል። ቀብር ላይ ማን ያረፍዳል? በጾም ቅዳሴ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ የማያውቅ ሰውም አሳዩኝ፣ በተለይ የራበው። ታዲያ የእኔ ሰዓት ላይ ሲደርስ ነው ሁሉም ሰዓት የሚጠፋበት?

እሺ፣ ወደ ራሴ ልምጣ። ቃል ገብቻለሁ።

ጥር ሊገባ ነው፣ የሠርግ ወር። አንዲት ልጅ ለወንድሟ ሠርግ ቀሚስ አዛኛለች። የምትመጣው ከሉማሜ ነው። «ሰኞ ነይ» አልኳት፣ መጣች፣ አልደረሰም። «ሐሙስ» አልኳት፣ መጣች፣ ያን ቀን መብራት የለም። ዛሬ 9 ሰዓት ላይ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ጨርቁ ተቆርጦ እንደተጠቀለለ ተቀምጧል። ስለ ስብሰባው፣ ስለ ጨርቁ ሰውዬ ልነግራት ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ዛሬ መናኸሪያ አንድ ሰዓት ከሩብ ተቀምጫለሁ። 'አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ሰው ብቻ' ይላሉ፣ ለካ ሦስቱ ተሳፋሪ ሳይሆኑ መኪናው የሞላ እንዲመስል የተቀመጡ ናቸው። እኔ ስገባ ወረዱ። አሁን ደግሞ ስመለስ ያው ነው። አንተስ ያልደረሰ ከሆነ በስልክ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ምን ልበላት? ስልኳ ደብተሬ ላይ ተጽፏል። መደወል አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ያልደወልኩት ስለማፍር ነው። «አልደረሰም» ከማለት «ነይ» ማለት ይቀለኛል። ያ ቡና ጠጪም ይሄው ነው መሰል ያደረገው።

«ማታውን ጨርሼ ነገ ጠዋት ራሴ በመኪና እልክልሻለሁ፣ የሚላክበትንም እኔው እከፍላለሁ» አልኳት። ያመነችኝ አይመስለኝም። «እስቲ እናያለን» ብላ ሄደች።

ይኸው ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኗል። እጅጌው ገብቷል፣ ዘምዘሙ ይቀራል። ቅድም ባለቤቴ ደወለች።

«የት ደረስክ? ልጅቷ የቤት ሥራዋን ይዛ ልትተኛ ነው።»

«መንገድ ላይ ነኝ» አልኳት፣ እግሬ ፔዳሉን እየረገጠ።

«አዎ» አለችኝ፣ «የመኪናው ድምፅ ይሰማኛል።»

የትኛውን መኪና እንዳለች ገብቶኛል።